ካርዱ ጠበቀ ወይስ አልገባም አለ?

የአሮጌ ላፕቶፕ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ያለውን እቃ አክሞ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ነው የሚጽፈው። ዛሬ ሦስት ደብዳቤ አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ሦስቱም የኔትወርክ ካርድ ገዝተው ወይ አልገባ ያላቸው፣ ወይ ገብቶ ያልሠራላቸው ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ልጄ በ1998 ዓ.ም. የላከልኝ ላፕቶፕ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። የብዙ ዓመት ጽሑፌ ያለው እሱ ላይ ነው። ዋይፋይ ግን የለውም። አንድ ዘመዴ በጎኑ ባለው ቀዳዳ የሚገባ የዋይፋይ ካርድ ዩዝድ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ካርዱ ቀጥ ብሎ ይገባና ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቀጥ ይላል። ትናንት ጠንከር አድርጌ ስገፋው ትንሽ ገባ ያለ መሰለኝ፤ ላፕቶፑ ግን ምንም አላለም። በደንብ ልግፋው ወይስ ይቅርብኝ? ጽሑፎቼን በኢሜይል ለልጆቼ ልልክ ነበር ሐሳቤ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መምህር፣ እባክዎ ከዚህ በላይ አይግፉት። ካርዱን ያውጡ፣ ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውንም ያውልቁ። ከዚያ ቁጭ ብለን እንየው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። መጥበቅና አልገባም ማለት አንድ አይደሉም። የእርስዎ ካርድ ፒሲ ካርድ የሚባለው ነው፤ ድሮ ፒሲኤምሲአይኤ ይሉት ነበር። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 68 ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። ካርዱ መጀመሪያ ያለ ምንም ችግር ይንሸራተታል። መጨረሻ ላይ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲቀረው፣ መርፌዎቹ ተከታትለው ካርዱ አፍ ውስጥ መግባት ይጀምራሉ፤ ያኔ ይጠብቃል። ይሄ ጤነኛ መጥበቅ ነው። ሁለቱን ዳር በሁለት አውራ ጣት እኩል ይዘው ቀስ ብለው ሲገፉት ይገባል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ካርዱ ቦታውን ሲይዝ የማውጫዋ ቁልፍ ወደ ውጭ ብቅ ትላለች፣ በእሷም ያውቁታል። ከዚያ በፊት፣ ገና ብዙ ሲቀረው፣ ግድግዳ እንደነካ ቀጥ ካለ ግን መርፌዎቹ ጋ እንኳን አልደረሰም። የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሳያውቁ መግፋት መርፌ ማጣመም ነው የሚሆነው።

እስቲ ካርዱን መዳፍዎ ላይ ያድርጉት። ቀጭኑ ብረት ለበስ ክፍል ርዝመቱ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ስፋቱ 54 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር። የዋይፋይ ካርድ ከሆነ ከጫፉ ላይ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ጭንቅላት አለው። አንቴናው እዚያ ውስጥ ነው፤ ብረት ውስጥ ቢደበቅ ሲግናል አይዝም። ስለዚህ ያ ጭንቅላት ሁልጊዜ ውጭ ይቀራል፣ ያውም ሁለት ጣት ሊያክል ይችላል። ካርዱን መልሰው ሲያስገቡት ውጭ የቀረው ወፍራሙ ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ፣ መምህር፣ ካርዱ ገብቶ አልቋል! ሲገፉት የነበረው የገባ ካርድ ነው ማለት ነው። ቀጭኑ ብረት ገና ከውጭ ከታየ ግን በእርግጥም ተይዟል።

ከተያዘ የስልክዎን መብራት አብርተው ቀዳዳው ውስጥ ይመልከቱ። መነጽርዎን ያድርጉ፣ ላፕቶፑን ወደ ዓይንዎ ከፍ ያድርጉ፣ አይቸኩሉ።

የመርፌዎቹን ሁለት ረድፍ ካላዩ፣ በምትኩ ወደ አንድ ጎን የተጠጋች ጠባብ መሰኪያ ካዩ፣ ያ ቀዳዳ ለፒሲ ካርድ አይደለም። ኤክስፕረስካርድ ለሚባለው ለሌላ ትውልድ የተሠራ ነው። የእርስዎ ላፕቶፕ የመጣበት ዘመን ደግሞ አምራቾች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩበት ነበር። አፉ ላይ 54 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ግን ወደ 34 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ፒሲ ካርድ እዚያ ትንሽ ይሄድና ይቆማል። በጉልበት አይፈታም፤ ካርዱን ለዘመድዎ መመለስ ብቻ ነው።

መርፌዎቹን ካዩ ደግሞ ከፊታቸው የተቀመጠ ባዕድ ነገር ይፈልጉ። አንድ ጊዜ ከጎረቤቴ ላፕቶፕ ውስጥ በወረንጦ ያወጣሁት የተፋቀ የሞባይል ካርድ ነበር፤ ሕፃን ልጅ ቀዳዳ አግኝቶ ከትቶታል። አቧራና ክር በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። በአፍ እፍ ማለት ግን ይቅርብዎ፤ እርጥበት ይዞ ይገባል። ላፕቶፑ ሁለት ተደራራቢ ቀዳዳ ካለው ካርዱ በሁለቱ መሀል ሰያፍ ሆኖ እየገባም ይሆናል። አንዱ ጠርዙ የላይኛው ሐዲድ ላይ፣ ሌላው የታችኛው ላይ ይሆንና ይቀረቀራል። እንዲህ ከሆነ ወፍራም ጭንቅላት ላለው ካርድ የላይኛውን ቀዳዳ ይሞክሩ። የካርዱን ጀርባና ሆድም ይዳስሱ። ዩዝድ ካርድ ብዙ እጅ ስላለፈበት ብረት ልባሱ አበጥ ወይም ጎርበጥ ሊል ይችላል። በቀዳዳው ውስጥ የነበረው የማስመሰያ ፕላስቲክ ካልጠፋ ጎን ለጎን አድርገው ያስተያዩ፣ እብጠቱ ወዲያው ይታያል። ያበጠ ካርድ አይግባ። በጉልበት ቢገባ እንኳን አይወጣም።

ተገልብጦም ሊሆን ይችላል። የካርዱ ሁለት ጠርዞች አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ተገልብጦ እንዳይገባ ሆን ተብሎ ተለያይተው ተሠርተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ወደ ላይ ነው።

አሁን ወደ መርፌዎቹ ልምጣ፤ የእኔ ትልቁ ስጋት እነሱ ናቸው። ትናንት ጠንከር አድርገው ገፍተውታልና ረድፉን በደንብ ይዩት። ሁሉም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ግራና ቀኝ አንድ አንድ መርፌ ከሌሎቹ አጠር ብለው ካዩ አይደንግጡ፣ አልተሰበሩም፤ እንዲያ ነው የተሠሩት። የእነሱ ሥራ «ካርድ ገብቷል» ብሎ ለላፕቶፑ መንገር ነው። ካርዱ ሙሉ በሙሉ ቦታውን ሳይይዝ ወሬው እንዳይደርስ ተብሎ አጠሩ፤ መጨረሻ ላይ የሚነኩት እነሱ ናቸው። በሁለቱም በኩል መሆናቸውም አንዱ ጎን ብቻ ገብቶ ላፕቶፑ እንዳይሳሳት ነው። ትናንት «ምንም አላለም» ያሉኝ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ካርዱ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከቀረው ወይም ሰያፍ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢነካ እንኳን ለላፕቶፑ ካርድ የሚባል ነገር አልመጣም።

የተጣመመ መርፌ ካለ እቤት አይሞክሩት። ቦታው ጥልቅ ነው፣ እጅ አይደርስም፤ አንዴ የተጣመመ መርፌ ወዲያ ወዲህ ሲሉት ደግሞ ይሰበራል። ላፕቶፑን ከፍቶ የቀዳዳውን ክፈፍ የሚያወጣ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት። የሚሠራ ሁለተኛ ቀዳዳ ካለ ያንን ይጠቀሙ።

ሁሉም ተስተካክሎ ካርዱ ገባ እንበል። መምህር፣ አሁንም ዋይፋዩ እምቢ ሊል ይችላል፤ እውነቱን ልንገርዎት። የካርዱን ስያሜ ይዩ። 802.11ቢ (የዋይፋይ ትውልድ መለያ ነው) ብቻ ከሆነ በጣም የድሮ ነው፤ ብዙዎቹ የዛሬ ራውተሮችና ስልኮች የሚጠቀሙበትን ደብልዩፒኤ2 የሚባል የይለፍ ቃል አሠራር አያውቁትም። 802.11ጂ ከሆነ ተስፋ አለው፤ ኤክስፒው ግን ሰርቪስ ፓክ 3 የሚባለው ማሻሻያ ሊኖረው ይገባል፣ የካርዱም ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ያስፈልጋል። በስልክ ሆትስፖት የሚገናኙ ከሆነ ስልኩን 2.4 ጊጋ ኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ ያድርጉት። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን ሌላ ነው። የዚያ ዘመን ላፕቶፕ በአብዛኛው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለው። ራውተር ያለበት ቤት ሄደው በገመድ ማገናኘት ነው፤ ካርድም የይለፍ ቃልም አያስፈልግም።

ግን መምህር፣ እኔ ብሆን ያንን ላፕቶፕ ኢንተርኔት ላይ አላወጣውም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው በፈረንጆች 2014 ነው። የእርስዎ ጭንቀት ጽሑፎቹ ለልጆችዎ እንዲደርሱ ነው፤ የዕድሜ ልክ ሥራዎ ነውና እሱን እናስቀድም። 32 ጊጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ፍላሽ ይግዙ። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ኤክስፒ በማያነበው አሠራር ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። ጽሑፉን ሁሉ ይገልብጡና ከሌላ ኮምፒውተር ይላኩ። ደግሞ ይሄን አደራ! በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የጻፉት ካለ፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የፈረንጅ ምልክት ዝብርቅርቅ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ አልጠፋም፣ ፎንቱ ነው የሌለው። ስለዚህ ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ከፍተው የሚጽፉበትን የአማርኛ ፎንት አብረው ይገልብጡ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ቅጂ በወረቀት ካተሙ ደግሞ እኔም ልቤ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዩዝድ ላፕቶፕ አለኝ፣ 2012 የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ። ዋይፋዩ 5 ጊጋ ኸርዝ አያይም፣ የዶርም ጓደኞቼ ሲያገኙ እኔ አላገኝም። 2.4ንም 5ንም ይይዛል የተባልኩትን ካርድ ገዛሁ፣ በዩቲዩብ እያየሁ ከታች ከፈትኩት፣ አሮጌውን ነቀልኩ። አዲሱ ግን መሰኪያው በጣም ጠበበው። አንዱ ጎን ገባ፣ ሌላው አልገባም። ስለቀው ደግሞ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ ብሎኑ ቀዳዳ ጋ አይደርስም። ተሸወድኩ እንዴ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከፍተሽ እዚህ መድረስሽ ራሱ ጎበዝ ነሽ። ባትሪውን ነቅለሻል አይደል? ካልነቀልሽ አሁኑኑ ንቀይ።

ወደ ላይ ቀና ማለቱ ችግር አይደለም። ይሄ ካርድ ተጋድሞ አይገባም። ከአግዳሚው ከፍ ተደርጎ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ሰያፍ ሆኖ ነው ወደ መሰኪያው የሚሰደደው። ገብቶ ሲለቀቅ እንደ ስፕሪንግ ቀና ብሎ ይቀራል፤ በጣትሽ ወደ ታች ተጭነሽ ብሎኑን በካቻቢቴ ስታጠብቂው ነው የሚተኛው። ብዙ ሰው አግድም ይገፋና «ጠበበኝ» ይላል። ሰያፉን ይዘሽ፣ ሁለቱን ዳር እኩል አድርገሽ ሞክሪው። በትክክል ሲገባ ወርቃማዎቹ ጥርሶች ከሞላ ጎደል ይሸፈናሉ፤ የሚታየው ቀጭን መስመር ከመሰኪያው ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላ በኩል ጠበብ ብሎ ከታየሽ ጠሟል፤ አውጪና እንደገና።

አንዱ ጎን ብቻ ገባ ማለትሽ ግን ያሳስበኛል፣ ካርዱ ራሱ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ማስመሪያ አምጪ። አሮጌው ካርድ ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከሆነ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ2012 ላፕቶፕ እንደሚሆን እገምታለሁ። አዲሱ 22 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ኤም.2 ነው፣ የኋላ ትውልድ ነው፣ በቀጥታ አይገባልሽም። አሮጌውና አዲሱን ጀርባ ለጀርባ አድርገሽ ጥርሳቸውን አስተያዪ፤ መሀል ላይ ያለችው ክፍተት እኩል ቦታ ላይ መሆን አለባት። እሷ ካልገጠመች ሻጩ ጋ መልሺው፣ «ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ» ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ።

ስፋቱ ገጥሞ ርዝመቱ ብቻ ከተለያየ ቀላል ነው። ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሁለት ርዝመት አለው፤ ሙሉው 51 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሹ 27 ገደማ። አጭር ካርድ ረጅም ቦታ ላይ ሲገባ ነው ብሎኑ የማይደርሰው። ለዚህ ማስረዘሚያ ቅንፍ የምትባል ትንሽ ብረት ትሸጣለች። ረጅም ካርድ ለአጭር ቦታ ግን ምንም መላ የለውም፣ እንዳትቆርጪው።

ደግሞ ላፕቶፑ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ መሰኪያ ካየሽ፣ አሮጌው የነበረበት ላይ ነው የምትሰኪው። ሌላው ለሲም ካርድ ሞደም ወይም ለሃርድ ዲስክ የተተወ ሊሆን ይችላል።

ከመጫንሽ በፊት የአንቴና ሽቦዎቹን ወደ ዳር ሰብስቢ። ብዙ ጊዜ ካርድ «ጠበበኝ» የሚለው ሽቦ ከሥሩ ተኝቶ ነው፣ ያን ላይ ብሎን ማጥበቅ ደግሞ ሽቦውን መቁረጥ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ከምስር የምታንስ ክብ ናስ አለች። ካርዱ ላይ ባለችው ቁልፍ አናት ላይ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪያትና በጥፍርሽ ጀርባ ተጫኛት፤ ቀጭ ስትል ይሰማሻል። ካላለች ቦታዋን አልያዘችምና አንስተሽ እንደገና አስተካክይ። ሰያፍ ሆና ስትጫን ከንፈሯ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ አትይዝም። እኔ አንዷን እንዲህ አበላሽቼ የሰው ላፕቶፕ በአንድ አንቴና ሠርቷል፤ ራውተሩ ካለበት ክፍል ሲወጣ ሲግናሉ ይወርድ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስትነቅዪም ሽቦውን አትጎትቺ፣ ናሷን ከሥር በፕላስቲክ ነገር ቀና አድርጊያት።

ገብቶ ሲያበቃ ላፕቶፑ ካርዱን ካየው፣ ሲግናሉ ግን ደካማ ከሆነ ወደ ሽቦዎቹ ተመለሺ። ጭራሽ ካላየው ወደ ጥርሶቹ። እሱም ካልሆነ ቀጥሎ ያለውን መልስ አንብቢ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የቲንክፓድ ላፕቶፔን ዋይፋይ ካርድ በራሴ ቀየርኩ። በጥሩ ሁኔታ ገባ፣ አልጠበበም። አሁን ግን ላፕቶፑ ሲነሳ 1802 የሚል ቁጥርና «ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ ተሰክቷል» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ጽፎ ይቆማል። አበላሸሁት? (ከዱባይ)

መልስ፦ አላበላሸኸውም ወንድሜ። በብዙ የድሮ ቲንክፓዶች ባይኦስ ውስጥ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ ቀድሞ በሚነሳው ፕሮግራም ውስጥ፣ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ካርድ ሲያይ ላፕቶፑን አያስነሳም። አንዳንድ የኤችፒ ሞዴሎችም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ፣ የእነሱ ቁጥር 104 ነው። አጥፋው፣ ባትሪውን አውልቅ፣ አሮጌውን ካርድ መልስ፤ እንደ ድሮው ይነሳል።

ከዚያ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ለአንተ ሞዴል የተፈቀደ ካርድ መፈለግ ነው። በካርዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ኤፍአርዩ የሚል የመለዋወጫ መለያ ቁጥር አለ፤ ለሞዴልህ ከወጣው የጥገና መመሪያ ላይ የተፈቀዱትን ቁጥሮች አውጣና ከሻጩ ካርድ ጋር አስተያይ። ያው የካርድ ስም ሆኖ ይሄ ቁጥር የሌለው ተመልሶ 1802 ይልሃል፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ተከተል። ሁለተኛው ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ መግዛት ነው። ባይኦሱ እሱን አይቆጣጠርም፣ ዛሬውኑ ትሠራበታለህ። ባይኦሱን በሌላ የሚቀይሩ ሰዎች አሉ፤ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ፋይሉ ቢሳሳት ግን ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ለአንድ ካርድ ብለህ እዚያ አትግባ።

ካርዱን የገዛህበት ሱቅ የሚመልስልህ ከሆነ ማሸጊያውን አትጣለው።